ለሺሚ የተቀዳ ውሃ

በአገራችን ጠርሙስ ይዞ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም። ጠርሙሱ ባዶ ከሆነ «ማን ጨረሰው?» ይባላል፤ ሙሉ ከሆነ «ምንድን ነው?» ይባላል፤ ጎደል ካለ ደግሞ ጥያቄው ቀርቶ ሐሜቱ ይጀመራል። ጠመንጃ አንግቶ ከአዋሽ እስከ አቃቂ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው መሄድ የሚችል ሰው አንድ ጠርሙስ ብብቱ ውስጥ ይሸጉጥና ይሞክረው። ዘመድ ያልነበረው ሁሉ ዘመድ ይሆንበታል። እኔ ይህን ያወቅኩት ሺሚ ስማር ነው።

ሺሚ ማለት ዛሬ ልጆቹ ኬሚስትሪ የሚሉት ነው። በእኛ ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ ስለነበረ ስሙም የመጣው ከነአፉ ነው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ያን ጊዜ አዳማ ናዝሬት የሚል ስም ገና አልወጣላትም፤ ያላት ነገር ጣቢያው፣ የቆዳ መጋዘኑ፣ የግሪኩ ሱቅና የማይነጥፍ አቧራ ነበር። አዲስ አበባ ተልኬ እዚያ የመጨረሻው ክፍል ስደርስ ከፍተኛውን ሺሚ ከሚማሩት አንዱ ሆንኩ። ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን። አንዱን አሲዱ አስፈራው፣ አንዱን ወላጆቹ ዳሩት፣ የቀሩትን ሒሳቡ አባረራቸው፤ በመጨረሻ አምስት ቀረን።

አዳማ ለዕረፍት ስመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደምማር ይጠይቀኝ ነበር። ምን ብዬ ልንገረው? አንዱ አረቄ ማውጣት ነው ብሎ ተስማማ። ሌላው መርዝ መቀመም ነው ብሎ ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ የተቀዳ ውሃ አልጠጣም። አባቴ ግን ማንንም ሳይጠይቁ «የማይታየውን ነገር መቁጠር ነው» ብለው ደመደሙ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የቀረቡት እርሳቸው ናቸው።

አጠናኔ የራሴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ስለሆነ፣ ነገር በዜማ ካልሆነ በጭንቅላቴ አይቆይም። ስለዚህ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ያዝኩት። ሃይድሮጅን ላይ ድምፄን ዝቅ፣ ኦክሲጅን ላይ ከፍ፣ ሶዲየም ላይ ደግሞ ረገድ ማድረግ ነው። አንድ ማለዳ ፈረንጁ አስተማሪያችን በመስኮት በኩል ሲያልፉ ሰምተውኝ፣ ጸሎት መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄዱ። ስማቸው ረጅም ስለነበር እኛ በፈረንሳይኛ «አቶ» እንደማለት ሙሴ ብቻ እንላቸው ነበር። ጸሎት አለመሆኑን የደረሱበት ዕለት ግን ተናደዱ። ክፍል ውስጥ አስነሱኝና ቅባትና ሶዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ። ሳሙና ይሆናል የሚለውን አንቀጽ አንድ ቃል ሳልጥል ወረድኩላቸው። «ለምን?» አሉኝ። እንደገና ወረድኩት። በቀቀንም እንዲህ ያደርጋል አሉና ቁጭ አሉ።

ፈተናውን የቀየሩት ለዚህ ይመስለኛል። ግማሹ እንደ ወትሮው በጽሑፍ ይሁን፤ ግማሹ ግን እያንዳንዳችሁ ከአገራችሁ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛችሁ መጥታችሁ በውስጡ ያለውን ነገር መርምራችሁ የምታወጡበት ይሁን አሉ። ይህ በዜማ የማይያዝ ነገር ነው።

እንግዲህ ለእኔ ይህ ፈተና ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ሺሚ ያለፈ ሕክምና ለመማር ባሕር ማዶ ይላካል ተብሎ ነበር። እኔ ሐኪም መሆን እፈልግ ነበር፤ በጣም እፈልግ ነበር። አባቴ ደግሞ የጣቢያው ዕቃ ጫኞች አለቃ ናቸው። የጣቢያው አስተርጓሚ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ቦታው ክፍት ሆኗል። ለአባቴ ከዚያ በላይ ሹመት አልነበረም፤ የናስ ምልክት ያለበት ቆብ ያስደፋል፣ ከጥላ ሥር ያስቀምጣል፣ ሼፉ፣ ፈረንጁ የጣቢያ ሹም፣ ሲቆጣ ከጎኑ ያስቆማል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ባቡር ሲመጣና ሲሄድ እያየሁ እኔው ሳልሄድ መቅረቴን ሳስበው ሆዴ ይባባ ነበር። አባቴ ፍርዳቸውን ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ፤ ሺሚውን ካለፍክ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጣልኝና የፈለግከውን ተማር፤ ከጣለህ ግን ቆቡ ይጠብቅሃል አሉ።

ለዕረፍት እንደመጣሁ በቀጥታ ወደ እናቴ ወንድም ወደ ቱፋ ሄድኩ። አቡያ ነው የምለው፤ በኦሮሞኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። አቡያ ቱፋ ከአዋሽ ዳር ከብት አርቢ ነው፤ በአገሩ ደግሞ አንዲት ፍል ውሃ አለች። ሆራ ይሏታል። ሆራ ማለት ጨውነት ያለው የከብት ውሃ ነው፤ ላም በየጊዜው ወርዳ ካልጠጣችው ወተቷ ይጎድላል፣ ጸጉሯ ይከረደዳል። የውሃውን ጣዕም አውቀው ነበር፤ ምላስ ላይ ሶዳ ሶዳ ይላል። ለፈተና ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ጓደኞቼ ከደጋ የሚያመጡት ውሃ ውሃ ብቻ ነው፤ የእኔ ግን ነገር የሞላበት ነው።

አቡያ ቱፋ «ነጉማ?» ብሎ ደህንነቴን ጠይቆ የመጣሁበትን ሲሰማ ከልቡ አዘነልኝ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ለማወቅ ነው ፊንፊኔ ድረስ የሄድከው? ላሟን ብትጠይቃት እዚሁ ትነግርህ ነበር» አለኝ። ቢሆንም ላሞቹን ገለል አደረገልኝና ከምንጩ አፍ ቀዳሁ። ጠርሙሱ ከግሪኩ ሱቅ ያገኘሁት የኮኛክ ጠርሙስ ነው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ በቡሽ ወትፌ፣ አፉን በሰም አሸግሁት።

ስህተቴ ሰሙ ነው። ኮኛክ በሰም አይታሸግም፤ አረቄም አይታሸግም። በሰም ታሽጎ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጭን ላይ ተደርጎ እንደ ሕፃን የሚታቀፍ ፈሳሽ በአገራችን አንድ ብቻ ነው።

ባቡሩ ላይ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸውን አሟቸው እግራቸውን እኔ ወንበር ላይ ዘርግተዋል። አዳማ ዘመድ ጠይቀው የሚመለሱ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ባቡሩ ገና ከጣቢያው ሳይወጣ ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ አረፈ። የየትኛው ታቦት ጠበል ነው ብለው ጠየቁኝ። ጠበል አይደለም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ታዲያ ምንድን ነው አሉ። ላም የሚጠጣው ውሃ ነው አልኳቸው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስቲ ፍረዱ፤ ላም የሚጠጣውን ውሃ በሰም አሽጎ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በባቡር አዲስ አበባ የሚወስድ ጤነኛ ሰው አለ? እትዬ ዘነበች ለሰዉ ሁሉ ተረጎሙልኝ፤ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ጠበል መያዙ እንዳይታወቅበት ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን ልበል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንዲት ጉንጭ ለጉልበቴ አሉኝ። ለበሽተኛ ጠበል የከለከለ ሰው ስሙ ምን ይባላል? እንኳን ጠበል ሆኖ ጠበል ሳይሆንም መከልከል አይቻልም። ሰሙን ፈታሁ። አንዲት ጉንጭ ጠጡ፣ አንድ እፍኝ ጉልበታቸው ላይ አፈሰሱ። ጣዕሙን ሲቀምሱ ፊታቸው ተኮሳተረ፤ መራራ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ አመኑ። ጎናቸው ያለው ሰውዬ ራስ ምታት ነበረበት። ከኋላ ያለችው ሴት ሆድ ቁርጠት ነበረባት። ሐጂ ይመር የሚባሉ የወሎ ቆዳ ነጋዴ ከወዲያ ማዶ ነበሩ፤ እርሳቸው እንኳ ውሃ ክፉ የለውም ብለው ለዓይናቸው ትንሽ ጠብ አስደረጉ።

ሞጆ ላይ ባቡሩ ውሃ ሊሞላ ሲቆም እኔም እግሬን ላፍታታ ወረድኩ። ሩቡ ቀርቶልኛል፤ ለምርመራ እርሱ ይበቃል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ተመለስኩ። ጠርሙሱ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። እትዬ ዘነበች ፊታቸው በርቷል። እንዳይጎድልብህ ብዬ ከዚያ ከባቡሩ ቧንቧ አስሞላሁልህ አሉኝ። ጠበል እኮ አይጎድልም፤ ጥቂት ካለ ውሃ ቢጨመርበት የተጨመረውም ይቀደሳል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሐጂ ይመርም ዘምዘም እንዲሁ ነው ብለው መሰከሩላቸው። ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቃል ሲስማማ ሺሚ ምን አፍ አላት? ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ተጠጣ፤ አቃቂ ላይ እንደገና ተሞላ።

አዲስ አበባ ስንደርስ እትዬ ዘነበች ተነሥተው በእግራቸው ወረዱ። ጉልበታቸው ቀሎታል። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበሬ ላይ ተዘርግቶ የመጣ ጉልበት ቢቀለው አይደንቅም፤ እርሳቸው ግን እልል አሉና ቦታውን በዝርዝር ጠየቁኝ። እኔም ነገርኳቸው፤ ከአዳማ በየት በኩል፣ ስንት ሰዓት መንገድ፣ ከየትኛው ግራር በስተግራ። ሺሚ ሌላ ነገር ባያስተምር ልክ መናገርን ያስተምራል።

ትምህርት ቤት ገብቼ ያን ውሃ መረመርኩት። ሶዳ ያለበት ውሃ ቀዩን መመርመሪያ ወረቀት ሰማያዊ ማድረግ አለበት፤ ወረቀቴ ቀይ እንደገባ ቀይ ወጣ። አሲድ ሲነካው መፍላት አለበት፤ ዝም አለ። ሳህን ላይ አትንኜ ባየው ከሥሩ የቀረው ነገር የጤፍ ፍሬ አያክልም። ሙሴ ወረቀቴን አይተው፣ ይህ ውሃ ከየትም ሊመጣ ይችላል፣ ከፍል ውሃ ግን አልመጣም አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ዘምዘሙም ሳይቀር። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ጠርሙሱን ያልጠበቀ ሰው ነገ በሽተኛውንም አይጠብቅም አሉኝ። እውነት ስለሆነ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጡኝ፤ ሦስተኛ ዕድል እንደሌለም ጨምረው ነገሩኝ።

አዳማ ስወርድ አባቴ ጣቢያው ላይ ነበሩ። ለምን እንደመጣሁ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ይባስ ብለው አዘኑ። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» አሉኝ። ሼፉ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቀኝ፣ ቆቡም ልኬ እንደሆነ በራሳቸው ራስ ደፍተው እንዳረጋገጡ ነገሩኝ። የእኔና የእርሳቸው ራስ እኩል መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ወደ ሆራው ስደርስ መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ምንጩ ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሯል። ውሃው ተገድቦ ገንዳ ሆኗል። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ተሰልፏል፤ አንድ ቄስ ከምንጩ አፍ ቆመው ይባርካሉ። በሩ ላይ ቆመው የሚያስገቡትና የሚያስወጡት ማን ይመስሏችኋል? እትዬ ዘነበች ናቸው። ጉልበታቸው ለምስክርነት ተገልጦ ይታያል። ሲያዩኝ «ጠበሉን ያሳየኝ ልጅ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሰው ሁሉ እጄን ሊስም መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከብሬም አፍሬም አላውቅም።

ያፈርኩት ከአጥሩ ውጭ አቡያ ቱፋን ስላየሁት ነው። ላሞቹን ይዞ ግራር ሥር ቆሟል። ከብት እንዳይገባ ተከልክሏል፤ አሁን ላሞቹን ሆራ ለማጠጣት ግማሽ ቀን መንገድ ይነዳል። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። አንተ ምን ታደርግ፣ የጠየቁህን ነገርካቸው አለኝ። ከዚያ አገጩን ወደ ሴቶቹ ሰልፍ ቀና አደረገ። ቅቤ ያልተቀባ ራስ አልነበረም፤ ለጠበልና ለገበያ ባዶ ራስ አይኬድም። «ላሞቼን ነው የከለከሉት፤ ቅቤያቸውንማ በየቀኑ እያስገቡት ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ከቅቤው ይልቅ ጠርሙሴን ነበር የማስበው።

ውሃ ለመቅዳት መጠመቅ ግድ ነው ተባለ። ሦስት ጊዜ ፍሉ ውሃ ውስጥ ተነከርኩ። ከምንጩ አፍ ልቅዳ ብዬ ብለምን እትዬ ዘነበች አልሰሙኝም፤ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው፣ በረከቱ ያለው ሰዉ ከገባበት ነው ብለው ከገንዳው መሃል ሞልተው ሰጡኝ። ይሁን አልኩ። ከዚያው ምንጭ የወጣ ውሃ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?

በመልሱ ጉዞ ብልህ ሆንኩ። ሰም የለም፣ ነጭ ጨርቅ የለም። ጠርሙሱን በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ምንድን ነው ላለኝ ሁሉ ላምባ ነው አልኩ። ላምባ ለጉልበት የሚጠይቅ ሰው የለም። አንድ ሰውዬ ብቻ ለፋኖሱ ትንሽ እንድሰጠው ለመነኝ፤ ስከለክለው ስስታም መሆኔን ለጎረቤቶቹ ነገረ። ስሜ ቢጠፋም ውሃዬ ተረፈ።

አሁን ላቦራቷሩ፣ መመርመሪያ ክፍሉ፣ ውስጥ ነኝ። ቀዩ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ፤ ደስታዬ ወሰን አጣ። አሲድ ጠብ ሳደርግበት ተንፈቀፈቀ። የብር ጨው ሳደርግበት እንደ እርጎ ነጥቶ ረጋ። ሶዳ አለ፣ ጨው አለ፤ አበቃ። የመስተዋት ቱቦውን ለማጠብ ብዬ ከጠርሙሱ የቀረውን ውሃ ጨምሬ ነቅነቅ አደረግሁት።

አረፋ ወጣ። ትንሽ አረፋ አይደለም፤ ቱቦውን ሞልቶ አፉ ላይ ቁጭ አለ። ጠበቅሁት፤ አልጠፋም። በሌላ ቱቦ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከምድር ሆድ የሚፈልቅ ውሃ እንዲህ አያረፋም። አሲድ ስጨምርበት አረፋው ሞተና ከላዩ ቢጫ ቅባት ሰፈፈ። አሸተትኩት። ያን ሽታ የትኛውም የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አልጻፈውም፤ እኔ ግን ከእናቴ ትከሻ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የራስ ቅቤ ነው፤ ሰንበትበት ያለ የራስ ቅቤ።

ቁጭ አልኩና አሰብኩ። ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ ከየራሱ ይወርዳል። ውሃው ሶዳ አለበት። ቅባትና ሶዳ ሲገናኙ... ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ሙሉ ሳዜመው የኖርኩት ነው። ዛሬ ግን ዜማ አላስፈለገኝም። ሳሙና ነው፤ እትዬ ዘነበችና ቄሱ፣ ሳያውቁት፣ በአቡያ ቱፋ ላሞች ቅቤ ሳሙና እየሠሩ ነው። «ለምን?» ለሚለው የሙሴ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አገኘሁ፤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ደስታው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። ሳሙናውን ብጽፍ ሙሴ ምን ይላሉ? አሁንም የሰው እጅ የገባበት ውሃ ይዘህ መጣህ ቢሉኝስ? ሦስተኛ ዕድል የለም። ሶዳና ጨው ብዬ ብቻ ብጽፍ ንጹሕ ወረቀት ነው፤ አልፋለሁ። ቆቡ በዓይኔ ላይ ዞረብኝ። ግን ደግሞ ያወቅኩትን ነገር ደብቄ ማለፍ በመጀመሪያው ቀን መዋሸት ነው፤ ሐኪም ሆኜ በሽተኛዬ ላይ ያየሁትን ግማሹን ብቻ ልናገር ነው? ጻፍኩት። ሶዳ፣ ጨው፣ ሳሙና። «ምንጭ» በሚለው ቦታ ከሳሙናው ትይዩ «የሴቶች ራስ» ብዬ ሞላሁ።

ሙሴ አስጠሩኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ቱቦውን ራሳቸው ነቅንቀው አዩ፤ ቅባቱን ራሳቸው አሸተቱ፣ አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ለምን ሳሙና እንደሆነ ጠየቁኝ። በራሴ ቃል፣ እየተንተባተብኩ፣ ነገርኳቸው። ከሃያ አሥራ ስምንት ሰጡኝና በቀይ ቀለም ከሥሩ ሦስት መስመር ጻፉበት። ማኅተሙም አረፈበት።

ወረቀቱን ይዤ አዳማ ስደርስ አባቴ ጣቢያ የሉም። ወገቤን ብለው ጠበል ሄደዋል። ሄድኩላቸው። ከገንዳው ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ እትዬ ዘነበች ከጎናቸው፣ ሰዉ በዙሪያቸው። አቡያ ቱፋም በመንገዱ ሲያልፍ አይቶኝ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። ማኅተሙን ሳሳያቸው አባቴ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በሰው ፊት፣ በደስታ፣ ታዲያ ሺሚህ ከውሃው ውስጥ ምን አገኘ ብለው ጠየቁኝ።

ምን ይባላል? ሳሙና አልኳቸው።

አባቴ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። ስንት ዓመት አዲስ አበባ አስቀምጬህ ያገኘኸው ሳሙና ነው? ሳሙና የግሪኩ ሱቅ ተደርድሮ የለም ወይ? አሉኝ። ዓይናቸው ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ሲዞር አየሁ። አለፍኩ ያልኩት ሰው ወደቅሁ። ፈረንጁ ያሳለፈኝ ነገር አባቴ ፊት ጣለኝ።

ያነሡኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። በእርጋታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ታዲያ ኃጢአቱን የሚያጥበው በምን መስሎዎት ነበር?» አሏቸው አባቴን። እኛ ያጥባል ብለን አመንን፤ እርሱ ደግሞ በምን እንደሚያጥብ ከፈረንጅ አገር ድረስ አስመርምሮ መጣ፤ ይህን ልጅ ነው የሚቆጡት? አሉ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ትክክል ነው አለ። አባቴ አሰቡ። ክርክሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ይማር አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። እትዬ ዘነበች ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩት ዓይናቸው ቀዩ ጽሑፍ ላይ ቀረ። በእኛ መጽሐፍ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የፈጣሪ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው፤ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። ቀና ብለው ፈረንጁ በቀይ የጻፈው የማንን ስም ነው አሉኝ። አባቴም አንብብልን አሉ። ሰዉም ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ።

ሙሴ በፈረንሳይኛ የጻፉት ይህ ነው፤ «ይህ ብዙ ሰው የታጠበበት ውሃ ነው። በምንም ምክንያት መጠጣት የለበትም። እንኳን ለሰው ለከብትም አይሰጥ።»

አባቴን አየሁ። «ይማር» ያሉት ገና አልደረቀም። ሰዉን አየሁ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ በዝግታ፣ «ይህ ብዙ ሰው የታጠበበት ውሃ ነው» ብዬ አነበብኩና አቆምኩ።

እልልታው አዋሽን ተሻገረ። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ከምንጩ በላይ ግራሩ ላይ ሰቀሉት፤ ሰው ሁሉ በሰልፍ ቀዩን መስመር እየተሳለመ ማለፍ ጀመረ። የምችለው ይህን ብቻ ነበር፤ እትዬ ዘነበችን ገለል አድርጌ የሚጠጣ ሰው ከምንጩ አፍ ይቅዳ፣ ከገንዳው አይቅዳ ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ፤ ማድረጋቸውን ግን እንጃ። በሺሚው ያልዋሸሁትን በትርጉሙ ዋሸሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጣቢያው ከሩቅ ሲታይ አባቴ ቆም አሉ። የሚጠጡትን ይዘው የመጡበትን ቅል ገለበጡት፤ የገንዳው ውሃ አቧራው ላይ ፈሰሰ። ለካ አልጠጡትም።

«ፈረንጁ በቀይ የጻፈው ሦስት መስመር ነው» አሉኝ ቅሉን እያራገፉ። «አንተ ያነበብከው አንድ ነው። ምን ይደረግ፤ ጣቢያው ጥሩ አስተርጓሚ አመለጠው።»